የቀይ ገደል ከሰል

ሃምሳ አለቃ አበረ አስከሬኑን ከማየቱ በፊት ያስተዋለው የታንኳዋን ክብደት ነበር።

ክረምቱ የ1953 ዓመተ ምሕረት ነው፤ የፍልሰታ ጾም እኩሌታ። የጉማራ ወንዝ ከአፋፉ ወጥቶ፣ ርብም ከወዲያ ማዶ ሞልቶ፣ ከወረታ በታች ያለው የፎገራ ሜዳ ከጣና ጋር አንድ ባሕር ሆኗል። ቀዛፊው ደረሰ የሸምበቆ መቅዘፊያውን ግራና ቀኝ እየነከረ ላብ በላብ ሆኗል። አበረ ዋና አያውቅም። ሁለት እጁን በደንገሉ እስር ላይ ጠምዶ፣ ውሃውን ላለማየት ሲል የቀዛፊውን ፊት ብቻ ያያል። መቀመጫው እስከ ጭኑ ርሷል።

«ይቺ ታንኳ ዛሬ ምን ነክቷታል?» አለ ደረሰ እያለከለከ። «ሰኞ ቀኑን ሙሉ ዋርካው ላይ አስደግፌ ፀሐይ ሲመታት ነው የዋለች። የደረቀ ደንገል እንደ ላባ ነው። አሁን ግን ውሃ ጠጥታ እንደ ከበደች ላም ትጎተታለች።»

«ሰኞ ዝናብ አልነበረም?»

«ጠብ አላለም።»

«ሰው ወስዷት እንደሁስ?»

«ማን ይወስዳታል? ከስድስት ሰዓት እስከ ዘጠኝ አገሩ ሁሉ ቅዳሴ ላይ ነው። እኔ ራሴ ደዋይ ነኝ፤ ከደጀ ሰላሙ አልተነቃነቅሁም።» ደረሰ ትንሽ ቀዘፈና፣ «ዛሬ ጠዋት ታንኳዋን ላወርድ ስል ነው ያገኘኋቸው። አያ በላቸውን። ዋርካው ሥር፣ በፊታቸው ተደፍተው» አለ።

አያ በላቸው ሰባ ዓመት ያለፋቸው፣ ሚስትም ልጅም የሌላቸው ሽማግሌ ነበሩ። በዚያ አገር ግን ከእሳቸው ይበልጥ የሚፈለግ ሰው አልነበረም። ውሃው በየዓመቱ መጥቶ የማሳውን ወሰን ሁሉ አጥቦ ይሄዳል። መስከረም ላይ ሲሸሽ ባለርስቱ ሁሉ አያ በላቸውን ይዞ ይወጣል፤ እሳቸው ቆመው «ከዚህ እስከዚያ» ካሉ አለቀ። የጥንት ሰዎች ከወሰን ድንጋይ ሥር ከሰል ይቀብሩ ነበር፤ ድንጋይ ቢገፋ ከሰል አይበሰብስምና። የከሰሉን ቦታ ሁሉ በልባቸው የያዙት አያ በላቸው ብቻ ነበሩ።

ዋርካ ጉብታ ከቁሐር ሚካኤል ወዲያ ያለች፣ አሥራ ዘጠኝ ጎጆ የያዘች ከፍታ ናት። በምሥራቅ በኩል፣ ውሃው በሚመጣበት አቅጣጫ፣ ዋርካው አለ፤ ታንኳ የሚቆመው እዚያ ነው። አናቷ ላይ የኪዳነ ምሕረት ቤተ ክርስቲያን ተቀምጧል። በምዕራብ በኩል፣ ውሃው ወደ ጣና በሚሄድበት፣ ቀይ ገደል የሚሉት አፋፍ አለ። ከዚህ ሌላ ያለው ውሃ ነው።

አበረ እግሩ ደረቅ መሬት ሲረግጥ ቀድሞ የሰማው የላሞች ጩኸት ነበር። ሳይታለቡ ውለዋል። ሰዉ ሁሉ፣ ሕፃን የያዘችው ሳትቀር፣ በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውስጥ ታጉሯል። ጭቃ ሹሙ ማረው ከጠዋት ጀምሮ አውጫጭኝ አስቀምጦታል፤ ነፍሰ ገዳዩ እስኪወጣ ከቅጥሩ ማንም እንዳይወጣ በኪዳነ ምሕረት ስም አውግዟል።

«እንኳን መጣህ» አለ ማረው። ረጅም፣ ፊቱ የማይፈታ ሰው ነው፤ ቀኝ እጁ ከክርኑ በታች ደርቃ ተንጠልጥላለች፤ በጠላት ጊዜ ጥይት በልቷት ነው። «ሰዉ አንድ ቃል ሆኗል። ነጋዴው ነው። ነገ አስረህ ይዘኸው ትሄዳለህ።»

«አስቀድሜ ሟቹን ልየው።»

አስከሬኑ ከዋርካው ሥር ወጥቶ በደንገል ተሸፍኖ ነበር። የራስ ቅሉ ከኋላ ተሰብሯል። አበረ ቁስሉን አየና ተወው፤ እጆቹን ያዘ። ጥፍሮቹ ሥር ቀይ አፈር ገብቷል። በቀዩም መካከል ጥቁር ፍርፋሪ አለ። ከኪሱ ወረቀት አውጥቶ ቢፈትገው እንደ እርሳስ ጻፈ።

«ከሰል» አለ ለራሱ።

ዋርካው ሥር ያለው አፈር እንደ ሌላው ሜዳ ጥቁር መረሬ ነው። ቀይ አፈር በጉብታዋ ላይ ያለው በአንድ ቦታ ብቻ ነው።

«ጋቢያቸው ሥሩ ላይ ተጠልፎ ነው ያስቀራቸው» አለ ደረሰ። «ያ ባይሆን ውሃው ይወስዳቸው ነበር።»

አበረ የጋቢውን ጫፍ አገላብጦ አየ። የተጠለፈ ጨርቅ ይቀደዳል እንጂ አይሸበሸብም። ይህ ግን በሁለት ቦታ ታጥፎ የተሸበሸበ፣ ተቋጥሮ የተፈታ ነው። «ስታነሳቸው ይህን ፈተኸዋል?»

«ጠብቆ ነበር። በጥርሴ ነው የፈታሁት።»

ቀብሩ ባሥር ሰዓት ተፈጸመ። ከዚያ አበረ አንድ በአንድ ማነጋገር ጀመረ።

ነጋዴው መሐመድሰዒድ ከቅጥሩ ውጭ፣ ከአንድ ወይራ ሥር፣ ሁለት ባለዱላ ጎረምሶች እየጠበቁት ተኝቷል። ቆዳ ሊገዛ ከወረታ መጥቶ ውሃው ከቆረጠው አሥራ ሁለት ቀኑ ነው። ወባ እያንቀጠቀጠው ነው።

«ከሽማግሌው ጋር ተጣልተህ ነበር ይባላል።»

«ተጣልተናል። የወይፈናቸውን ቆዳ ስገዛ ዋጋ ሰበርህ ብለው ሰደቡኝ። ሰኞ በማለዳ ግን የተኛሁበት ድረስ መጡ።»

«ምን አሉህ?»

«‹ይቅር በለኝ› አሉኝ። እኔ ለእሳቸው ልጅ እሆናለሁ፤ አፈርሁ። ‹የማንም ቂም በነፍሴ ላይ እንዲያድር አልሻም። ያንተ ትንሹ ነው። ትልቁ ቀርቶኛል፤ እሱን ለጾሙ ፍቺ በሕዝብ ፊት እጨርሰዋለሁ› አሉኝ።» ጥርሱ ተንገጫገጨ። «ሃምሳ አለቃ፣ እኔ እዚህ አገር መሬት የለኝ፣ ዘመድ የለኝ። መውጫ አጥቼ የቀረሁ ሰው ነኝ። ነገ ወንዙ ውስጥ ቢጥሉኝ ማን ይጠይቃል?»

አበረ ዙሪያውን የከበበውን ውሃ አየ። እሱም ቢሆን ከዚህ የሚወጣው እነሱ ሲያወጡት ነው።

ቄስ ወልደ ሥላሴን ከቤተ ልሔሙ ጥላ ሥር አገኛቸው። የአያ በላቸው ንስሐ አባት ናቸው። ዓይናቸው ቀልቷል።

«አባ፣ አያ በላቸው በሕዝብ ፊት ሊሉ ያሰቡት ነገር ነበር። እርስዎ ያውቁታል።»

«ልጄ፣ ስለ ነፍሱ አትጠይቀኝ።»

«ሰው ያለ ጥፋቱ ሊታሰር ነው።»

«አውቃለሁ!» አሉ ሽማግሌው ድምፃቸው ተሰንጥቆ። «ከዛሬ ጠዋት ጀምሮ የሚያንቀኝ ምን መሰለህ? ግን አልናገርም። ብትገድለኝም አልናገርም።»

አበረ ቀረብ አለ። «እንግዲያው በዓይንዎ ያዩትን ልጠይቅዎ። ሰኞ ቅዳሴ ላይ ማን ቀረ?»

«ማን ይቀራል? ማረው ከደጀ ሰላሙ ቆሞ ነበር፤ እንደ ልማዱ። ደረሰ ደወሉ ላይ ነው። ሴቶቹን ዞሬ አላያቸውም። ሕፃናቱን ሳቆርብ ግን የይታይሽን ትንሹን ልጅ ያቀረበችልኝ እመት ትሁን ነበረች። ከእቅፏ አልወርድ ብሎ ሲያለቅስ ትዝ ይለኛል።»

ይታይሽ ባሏ ከሞተ ሁለት ዓመት የሆናት፣ ሦስት ልጆች የምታሳድግ ሴት ናት። አያ በላቸው ከባሏ ዘመን ጀምሮ የቤታቸው ሰው ነበሩ፤ ማታ ማታ የሚቀምሱትን የምትሰጣቸው እሷ ነበረች። ስትናገር ድምፅዋ ከልቅሶ ብዛት ጠፍቷል።

«መቼ ነው መጨረሻ ያየሻቸው?»

«ሰኞ በማለዳ። ደጄን አልፈው ሲሄዱ።»

«ቅዳሴ ላይ ነበርሽ?»

«ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው። ከሴቶቹ በኩል፣ ልጄን ታቅፌ።»

«ዘመድ የለሽም? የሚያጽናናሽ?»

«የናበጋ ልጅ ነኝ፤ የባሕሩ ዳር። ወንድሞቼ ውሃው ቢከለክላቸው ነው።» መዳፍዋን በቀሚስዋ ጠረገች። ከጣቶቿ ሥር ቆዳዋ ተልጦ ቀልቷል። አበረ ሲያይ አየችው። «ከማረሻው ነው» አለች። «ባል ያጣች ሴት ራስዋ ታርሳለች።»

ልቡ አዘነላት። በጉብታዋ ላይ ካገኛቸው ሰዎች ሁሉ ያመናት እሷን ነበር።

ወደ ቀይ ገደል ሲሄድ እመት ትሁን መንገዱን አሳየችው፤ ከነጋዴው ጠባቂዎች ሌላ ከቅጥሩ እንድትወጣ የተፈቀደላት እሷ ብቻ ናት፣ ስለ እርጅናዋ። አፋፉ ላይ ሁለት ማሳ ጎን ለጎን ተኝቷል። ሰፊው የይታይሽ፣ ጠባቡ የማረው ነው። በመካከላቸው ወገብ የሚደርስ የወሰን ድንጋይ ቆሟል።

«በዚህ ድንጋይ የተነሳ ነው ማረውና በላቸው ዘጠኝ ዓመት ያልተነጋገሩት» አለች ትሁን። «ማረው ‹ወሰኑ ወዲያ ነው› ብሎ የይታይሽን ባል ከሰሰ። በላቸው መጥቶ ድንጋዩ ላይ እጁን ጭኖ ማለ። ማረው ተረታ። ሰዉ ሁሉ ደስ አለው፤ ማረውን ማን ይወዳል?»

አበረ ድንጋዩን ዞረው። በድንጋዩ ላይ የበቀለው ሽበት ከሥሩ አልተላቀቀም፤ ሣሩ አልተነካም፤ አንድ ጣት እንኳ አፈር አልተቆፈረም። ግራ ገባው። ሽማግሌው ከሰል ቆፍረው ከነበረ የት ነው የቆፈሩት?

የይታይሽ ማሳ ግን ከዳር እስከ ዳር በከብት ኮቴ ተረግጦ ለስልሷል።

«ጤፍ ተዘርቶበታል?»

«ሰኞ ማታ ነው የዘራችው። ከብቶቿን ስትነዳበት አይቼ፣ ‹ምነው ብቻሽን? ጎረምሶቹን ጠርተሽ ነገ ብታስረግጭው› አልኋት። ‹ዘሩ እንዳያልፍብኝ› አለች።»

አበረ ከአፋፉ ጫፍ ቆሞ ወደ ታች አየ። ሦስት ቁመት ያህል ዝቅ ብሎ የድንጋይ ክምር፣ ከዚያ ውሃው። ደንገልና ግንድ እያንገላታ፣ እየገፋ ወደ ጣና ይጎርፋል። ከእጁ ላይ ቅጠል ጣለበት። ዓይኑን ጨፍኖ ሳይገልጥ ጠፋ።

እዚያው ብዙ ቆየ። ፀሐይ ስትዘቀዝቅ ትሁን ስትጣራ ነው የተነሳ። ያገኘውን ነገር አልወደደውም።

ረቡዕ ረፋድ ላይ ሰዉ ሁሉ በቅጥሩ ውስጥ ተሰበሰበ። ፊቱ ሁሉ ገርጥቷል፤ ሕፃናት ያለቅሳሉ፤ ከታች ላሞቹ ይጮኻሉ። መሐመድሰዒድ በሁለት ሰው ተደግፎ ከበሩ አጠገብ ቆመ።

«ፍረድና እንገላገል!» አለ አንዱ ከኋላ።

«ገዳዩ ይኸው!» አለ ሌላው ነጋዴውን እያመለከተ።

አበረ እስኪበርድ ጠበቀ። «የሟቹ ጥፍር ውስጥ ቀይ አፈርና ከሰል አግኝቻለሁ» አለ። «ከሰል የሚቀበረው የት ነው?»

«ከወሰን ላይ» አሉ ብዙ ድምፆች።

«ቀይ አፈርስ የት ነው ያለው?»

ሁሉም ወደ ምዕራብ ዞረ።

«አያ በላቸው የሞቱት ቀይ ገደል ነው። የተገኙት ግን ዋርካው ሥር። ውሃው ከዋርካው ወደ ገደሉ ይሄዳል እንጂ ከገደሉ ወደ ዋርካው አይመጣም። እንግዲያው ሰው ነው ያመጣቸው። በመንገድ ቢሆን በዚህ ቅጥር በር ማለፍ ነበረበት፤ በቅዳሴው ሰዓት ደግሞ እናንተ ደጁን ሞልታችሁት ነበር። የመጡት በታንኳ ነው። ታንኳዋም ሰኞ ደርቃ፣ ማክሰኞ ርሳ ተገኝታለች። ደረሰ፣ እውነት ነው?»

«እውነት ነው» አለ ደረሰ፤ ድንገት ፊቱ ተለዋወጠ። «እኔ ግን…»

«አንተ ስትደውል ሁሉም ሰምቶሃል። ደግሞ ታንኳዋን አንተ ብትወስዳት ኖሮ ከበደችኝ ብለህ አትነግረኝም ነበር።»

«ነጋዴው ነዋ!» አለ ማረው። «ቅዳሴ ላይ ያልነበረ እሱ ብቻ ነው።»

«ነጋዴው በወባ የሚንቀጠቀጥ፣ መቅዘፊያ ይዞ የማያውቅ ሰው ነው። ከሁሉም በላይ መሬት የለውም። አያ በላቸው ወሰን ሲቆፍሩ ቢያይ ምን ገዶት?»

ቀስ በቀስ የሰዉ ዓይን ወደ ጭቃ ሹሙ ዞረ። ማረው ቀና ብሎ ቆመ።

«በሉ» አለ። «ምን ታዩኛላችሁ? የምታስቡትን ከትናንት ጀምሮ አውቀዋለሁ።»

«አያ ማረው በአንድ እጁ ታንኳ በጎርፍ ላይ ሽቅብ አይቀዝፍም» አለ አበረ። «ሌላም አለ። እኔ ድንጋዩን አይቻለሁ። ከሥሩ ማንም አልቆፈረም። ወሰን አዋቂው ሽማግሌ ከሰሉን ከድንጋዩ ሥር ካልፈለጉት፣ ከሰሉ እዚያ የለም ማለት ነው። ድንጋዩ ያለ ቦታው ቆሟል። ያለ ቦታው ያቆመውም የዛሬ ዘጠኝ ዓመት የተማለው መሐላ ነው።»

ጉርምርምታው እንደ ንፋስ አለፈ። ቄስ ወልደ ሥላሴ ፊታቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑ።

«አያ በላቸው በሐሰት ምለው ነበር። እናንተ በጠላችሁት ሰው ላይ፣ ለምትወዱት ሰው ብለው። ሞት ሲቀርባቸው ግን ነፍሳቸው አልቻለም። ለጾሙ ፍቺ በፊታችሁ ቆመው ሊመልሱት ነበር። ያን ቢያደርጉ የሚጠቀመው አያ ማረው ነው። የሚጎዳው ማን ነው?»

ማረው የደረቀችውን ክንዱን በግራ እጁ ያዘ። «ዘጠኝ ዓመት» አለ ቀስ ብሎ። «ዘጠኝ ዓመት ቀማኛ ተብያለሁ።»

አበረ ወደ ሴቶቹ አልዞረም። የሚቀጥለውን መሬት መሬቱን እያየ ተናገረ። «አስከሬኑን ከገደሉ ሥር ትንሽ ገፋ ማድረግ በቂ ነበር፤ እስከ ማታ ጣና ይውጠዋል፤ ማንም አያገኘውም። ገዳዩ ግን ያን አላደረገም። በጎርፉ ላይ ሽቅብ ቀዝፎ፣ መዳፉ እስኪላጥ ለፍቶ፣ ዋርካው ሥር አድርሶ፣ ውሃው እንዳይወስዳቸው ጋቢያቸውን ከሥሩ ጋር ቋጠረ። ጠላት እንዲህ አያደርግም። ፍትሐት ተደርጎላቸው፣ ተቀብረው፣ አፈር እንዲለብሱ የፈለገ ሰው ነው። የሚወዳቸው ሰው። መቅዘፍ የሚያውቅ፣ የባሕሩ ዳር ልጅ። ሰኞ ልጁን ሌላ ሰው ያቆረበለት። ማታውኑ ደግሞ የተቆፈረው እንዳይታይ ማሳውን በከብት ያስረገጠ።»

እመት ትሁን «ወይ ልጄ!» ብላ እጅዋን አፏ ላይ ጫነች።

ይታይሽ ከተቀመጠችበት ተነሳች። ትንሹ ልጅ ጡት እንደያዘ ነበር፤ አላቅቃ ለትሁን ሰጠቻት።

«ሌላ ሰው አትጠይቁ» አለች።

«ምን ሆነ?» አለ አበረ።

«‹እንደ ልጄ ነሽ፤ ከሰው ሳትሰሚ እኔው ላሳይሽ› ብለው ወሰዱኝ። በእጃቸው ቆፍረው ከሰሉን አሳዩኝ። ከመሬቴ መካከል ነው፤ ከድንጋዩ አርባ እርምጃ ወደ እኔ። ‹ልጆቼንስ ምን ላብላቸው?› አልኋቸው። ‹እግዜር ያውቃል፤ እኔ ግን በሐሰት አልሞትም› አሉኝ። እግራቸው ላይ ወደቅሁ። አልፈውኝ ሊሄዱ ሲሉ ገፋኋቸው። አፋፉ ላይ ነበርን።» መዳፎቿን አየች። «ስወርድ ገና ነፍሳቸው አልወጣችም። ፊታቸው ውሃው ላይ ነበር። ቀና ባደርጋቸው ይድኑ ነበር። ቆምሁ። ሃምሳ አለቃ፣ ገፍቼ ብቻ ቢሆን ይቅር ይሉኝ ነበር። ቆሜ ነው ያየሁ። ከዚያ ለዓሣ ልተዋቸው አልቻልሁም።»

ውግዘቱ ተፈትቷል፤ በሩም ተከፍቷል፤ ግን የሚወጣ ጠፋ። በመጨረሻ የተንቀሳቀሰው መሐመድሰዒድ ነው፤ የያዙት ሰዎች ስለለቀቁት ግድግዳውን ይዞ ተቀመጠ። ከጎረምሶቹ አንዱ ጋቢውን አውልቆ አለበሰው፤ አንዳቸውም ዓይን ለዓይን አልተያዩም።

«የከሰሉን ቦታ አሁን የምታውቂው አንቺ ብቻ ነሽ» አለ አበረ።

«አውቃለሁ። ባልናገር ማንም አያገኘውም።» ለረጅም ጊዜ ልጆቿን አየች። «ኑ» አለች።

ወደ ቀይ ገደል ወረዱ፤ ካህኑ፣ ማረው፣ ደረሰ፣ ከኋላም ሕዝቡ። ይታይሽ በተረገጠው ማሳ ውስጥ ሳትጠራጠር ሄዳ አንድ ቦታ ተንበረከከችና በተላጠ እጅዋ ጫረች። ክንድ ያህል ስትወርድ ጥቁሩ ታየ። ማረው አጎንብሶ በግራ እጁ አንድ ቁራጭ አነሳ። ከድንጋዩ እስከዚያ ያለውን ማሳ በዓይኑ ለካ፤ አርባ እርምጃ፤ የርስቷ እኩሌታ። አራት ሰዎች በስም ጠርቶ ቀርበው እንዲያዩ አደረገ፤ ከእሱ ወገን ሁለት፣ ከይታይሽ ባል ወገን ሁለት።

«ከእንግዲህ ይህ ነገር በአንድ ሰው ልብ አያድርም» አለ። ከዚያ ከሰሉን መልሶ አስቀመጠና አፈሩን በእግሩ ሞላበት። «የዘንድሮው ጤፍ አንቺ የዘራሽው ነው። ልጆችሽ ያጭዱታል። የሚመጣው ዓመት መሬቱ የኔ ነው።»

ይታይሽ ራስዋን ነቀነቀች። አላመሰገነችውም፤ እሱም አልጠበቀም።

ወደ ዋርካው ሲወርዱ አበረ እጅዋን ሊያስርበት ገመዱን አውጥቶ ነበር። ዙሪያውን የተኛውን ውሃ አየና መልሶ ኪሱ ከተተው። ደረሰ ታንኳዋን ያዘላቸው፤ እሷ ቀድማ ገባች፤ አበረ ተከትሎ ገብቶ ከፊት ለፊትዋ ተቀመጠ። ከላይ ሰዉ ከብቶቹን ሊያልብ ሲበታተን ይሰማል። ትንሹ ልጅ በትሁን እቅፍ ሆኖ ሲያለቅስ ድምፁ እስከ ውሃው መካከል ተከተላቸው፤ ይታይሽም እስኪጠፋ ድረስ ጆሮዋን አቅንታ ሰማችው።